አሮጌ መኪና ከመንገድ ግብር ነጻ ይሁን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ የቦሎ ሰሞን ሰልፍ ላይና ቡና ስንጠጣ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን መልሻለሁ።

የመንገድ ግብር ሲባል ቦሎ ማለት ነው?

በሰፈር አነጋገር አዎ። ቦሎ መስታወት ላይ የምትለጠፈው ወረቀት ናት። መኪናው የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ አልፏል፣ ክፍያውንም ጨርሷል ማለት ነው። ግን ቦሎ ለማውጣት የምናወጣው ብር ሁሉ አንድ አይደለም። የምርመራው ዋጋ አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ያለሱ ቦሎ አይታሰብም። ከዚያ ደግሞ ለመንገድ ጥገና የሚሄደው አለ።

ይህ የመጨረሻው የሚገባው ወደ መንገድ ፈንድ ነው። ፈንዱ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም የገቢ ምንጮቹም አብረው ተለይተዋል። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ክፍያ አለ። በአክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ጭነት የሚታሰብ ዓመታዊ የፈቃድ ማደሻ አለ። ከልክ በላይ ከጫኑ መኪኖች የሚሰበሰብ ቅጣትም አለ። ስለዚህ ቤንዚን በቀዳን ቁጥር ለመንገድ እየከፈልን ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የዓመቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የተሽከርካሪ ዝውውር ታክስ የሚባል ሐሳብ ከመንግሥት በኩል ይነሳል። ጥያቄው ሰሞኑን የጋለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ዓመታዊው ክፍያ ከበረታ አሮጌዋን መኪናውን ምን እንደሚያደርጋት ከወዲሁ እያሰበ ነው። እኔም እዚህ «የመንገድ ግብር» ስል መኪና ስላለን ብቻ በየዓመቱ የምንከፍለውን ማለቴ ነው።

አሁን መኪናዬ ስላረጀች ብቻ የሚቀርልኝ ክፍያ አለ?

የለም። የ60 ዓመት ቮልስም ሆነች ትናንት የገባች መኪና፣ መንገድ ላይ ከወጡ ምርመራ ያልፋሉ፣ መድን ይገባሉ፣ ይከፍላሉ። ዓመታዊ ምርመራውን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። «አሮጌ ነጻ ነው አሉ» የሚለው ወሬ የመጣው ከውጭ አገር ነው። ዘመድ ከለንደን ደውሎ የነገረን ነገር ሲዞር ሲዞር እዚህ ሕግ መሰለ።

«አሮጌ» የሚባለው ስንት ዓመት ሲሞላ ነው?

የጥንት መኪና ባለቤቶች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ታሪካዊ የሚለው 30 ዓመት የሞላውን ነው። ዕድሜ ብቻ ግን አይበቃውም። መኪናው እንደ ጥንቱ ተጠብቆ መያዙን ይፈልጋል፤ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ እንዳይሆንም ይጠይቃል። እንግሊዝ 40 ትላለች። ጀርመን 30 ትላለች።

እኛ ጋ 20 ዓመት ምንም አይደለም። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ለገበያ የወጣችው። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ዛሬም ጧት ጧት ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ሰው ይዘው ይወርዳሉ። ማንም አሮጌ ብሎ አይጠራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራችው ዲኤክስ ኮሮላ እንኳን አሁንም የሥራ መኪና ናት። ስለዚህ ለኛ አገር 30 ዓመት ዝቅ ያለ ነው፤ መንገድ ላይ ካለው መኪና ብዙውን ጠቅልሎ ያስገባል። ከተባለ ከ40 በታች መባል የለበትም።

ሌሎች አገሮች እንዴት ያደርጋሉ?

ሁሉም የሚጠቅሳት እንግሊዝን ነው። እዚያ 40 ዓመት የሞላት መኪና ዓመታዊ ግብር አይጠየቅባትም። ግን ነገሩ አንዴ ተወስኖ ያለቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ 25 ዓመት የሞላው ሁሉ ነጻ ይሁን ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተዘጋ፤ ከ1973 በፊት የተሠሩት ብቻ ነጻ ሆነው ቀሩ። በ2014 እንደገና ሲከፈት ዕድሜው 40 ሆነ። ሰው የማያነሳው ነገር ሌላ ነው፤ መኪናዋ ለንግድ ከዋለች ወይም በክፍያ ሰው ከጫነች ነጻነቱ የለም። ባለቤቱም በየዓመቱ ማስመዝገብ አለበት። የሚከፍለው ዜሮ ቢሆንም መዝገቡ አይቀርም።

ጀርመን ነጻ አታደርግም። ባለሙያ መኪናውን አይቶ 30 ዓመት እንደሞላውና እንደ ጥንቱ እንደተጠበቀ ሲመሰክር፣ ታርጋው መጨረሻ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ይገባለታል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ መጠን ምንም ይሁን ምን በዓመት 191.73 ዩሮ ይከፍላል። ለትልቅ ሞተር ይህ ቅናሽ ነው። ለትንሿ ሞተር ግን ከመደበኛው ሊበልጥ ይችላል። ሆላንድ 40 የሞላውን ነጻ ታደርጋለች።

ጃፓን ተቃራኒውን ነው የያዘችው። የቤንዚን መኪና 13 ዓመት ሲሞላው ዓመታዊ ግብሩ ወደ 15 በመቶ ይጨምርበታል። ናፍጣ ከሆነ ገና በ11 ዓመቱ። እዚያ አሮጌ መኪና መያዝ ያስወጣል፤ ብዙዎቹ ከአገር ተሽጠው የሚወጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዱባይ አድርገው እኛ ሰፈር የደረሱት ቪትዝና ኮሮላዎች አገራቸው «አረጃችሁ፣ ጨምሩ» ያላቸው ናቸው ማለት ይቻላል። እኛ እዚህ «አረጃችሁ፣ አትክፈሉ» ብንላቸው ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

መኪናዬን በወር አንዴ ነው የማስነሳት። ለምን ቀኑን ሙሉ ከምትሠራ ሚኒባስ እኩል ግዴታ ይኖርብኛል?

ይህን ጥያቄ ከልቤ ነው የምረዳው። እኛ ቤት የአባቴ ቮልስ አለች፤ እ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል። የምትወጣው ለበዓል፣ ለሠርግና ባትሪዋ እንዳይሞት ነው። ቀጥሎ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤቴ ጋሼም ዲኤክስ አላቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ፣ አልፎ አልፎ ሐኪም ቤት። ሁለታችንም በወር የምንነዳውን አንዲት ሚኒባስ ከሰዓት በፊት ትጨርሰዋለች።

ዓመታዊ ክፍያ አንድ ጉድለት አለበት፤ መኪና መኖሩን እንጂ መንዳትን አያይም። ነዳጅ ላይ ያለው ክፍያ ግን ያያል። ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ ይከፍላል። ትንሽ የነዳ ትንሽ። ስለዚህ ለጋሼም ለእኔም ፍትሑ የሚመጣው ዓመታዊው ዝቅ ብሎ የነዳጁ ድርሻ ዋናውን ሲሸከም ነው። ዕድሜ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። የ5 ዓመት መኪና ያላት፣ ግን ከቤት የማትወጣ ሰውም እኩል ትጠቀማለች።

መንገዱን የሚሰብረው ግን ማን ነው? የኔ ትንሽ መኪና?

አይደለችም። ይህ ነገር በደንብ ቢታወቅ ደስ ይለኛል፤ ክርክሩን ሁሉ ይለውጠዋልና።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ መሐንዲሶች የሙከራ መንገድ ሠርተው፣ የተለያየ ጭነት ያላቸውን መኪኖች ቀንና ሌሊት አመላለሱበት። ከዚያ ሙከራ የወጣው ስሌት ዛሬም ለመንገድ ዲዛይን መነሻ ነው። አንድ አክስል መንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ ልክ አይጨምርም፤ በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ ነው የሚጨምረው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 10,000 እጥፍ።

ቮልስ ባዶዋን ወደ 800 ኪሎ ናት። በአንድ አክስል 400 ኪሎ በሉት። አንድ የተጫነ ሲኖትራክ በአንድ አክስል 10 ቶን ቢያሳርፍ 25 ጊዜ ይከብዳል። በስሌቱ ሲሄድ ጉዳቱ ወደ 390 ሺህ እጥፍ ይሆናል። ያውም የአንዱ አክስል ብቻ ነው። እኛ ጋ ከደርባ ሲሚንቶ ጭኖ በጫንጮ አድርጎ የሚመጣውን ማየት በቂ ነው። አስፋልቱ የሚሞሸለቀው፣ ቀኝ መስመሩ እንደ ቦይ የሚሰረጎደው በዚያ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ጉድጓድ ይሆናል። የጎሚስታው ልጅ ሥራ የሚበዛለትም ያን ጊዜ ነው።

ሲሚንቶው አይምጣ አላልኩም፤ ቤት የምንሠራበት ነው። ግን «መንገድ ያበላሸ ይክፈል» ከተባለ፣ አሮጌም ሆነች አዲስ፣ ትንሽ መኪና ላይ የሚጫን ከባድ ዓመታዊ ግብር መሠረት የለውም። የመንገድ ፈንዱ አዋጅ ዓመታዊውን ክፍያ ከአክስል ጭነት ጋር ማያያዙ ትክክል ነበር። መመዘኛው ክብደት ይሁን። አሮጌ ገልባጭ ከአዲስ ገልባጭ ቀለል አድርጎ መንገድ አይረግጥም።

አሮጌ መኪና ጭሱ አይበዛም? ለምን እናበረታታዋለን?

ይበዛል። እዚህ ላይ አሮጌ መኪና እንደምወድ ሰው ልዋሽ አልችልም። የአባቴ ቮልስ ካርቦራተር ናት። ጭሱን የሚያጣራው፣ በኋላ ዘመን መኪኖች ማርሚታ መስመር ላይ የሚገጠመው ካታሊስት የላትም። ከአንድ አዲስ የቤንዚን መኪና ጋር በኪሎ ሜትር ብትወዳደር የምትተፋው መርዝ ብዙ እጥፍ ነው።

የኛ ከፍታ ደግሞ ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቦራተር ይህን ራሱ አያውቅም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራተር እዚህ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚን ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ዳገት ላይ መንተፋተፍ፤ ሁሉም ከዚያ ነው። አንድ ጎበዝ መካኒክ በግማሽ ቀን ያስተካክለዋል። ብዙ ሰው ግን «አሮጌ ስለሆነች ነው» ብሎ ትቶት ይኖራል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። በዓመት ለጥቂት ቀን የምትወጣ ቮልስ ጠቅላላ ጭሷ ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የእንጦጦን ዳገት የሚመላለስ፣ ናፍጣ ፓምፑ የላላ አሮጌ ሚኒባስ ግን በልጆች ሳንባ ላይ ነው የሚሠራው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆማ ልጇን የምትጠብቅ እናት መሐረብ አፏ ላይ ስታደርግ አያለሁ። «አሮጌ ነጻ ይሁን» ብለን በጅምላ ብንጽፍ፣ ቅናሹን በብዛት የሚያገኘው ይህኛው ነው።

አሮጌ መኪና የሚነዳው እኮ ድሀ ነው። ነጻ ማድረግ ድሀን ማገዝ አይሆንም?

እንግሊዝ አገር ቢሆን ክርክሩ ሌላ ነበር። እዚያ አሮጌ መኪና በርካሽ ይገኛል። እኛ ጋ መኪና ሲያረጅ ዋጋው እንደሌላው አገር አይወርድም፤ የተገዛች መኪና ከዓመታት በኋላ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ሁላችንም አይተናል። ምክንያቱም መግቢያው ጠበበ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ ያገለገሉ መኪኖች እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለባቸው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው መኪና ሀብት ነው፤ አሮጌውም ጭምር።

ከሱሉልታ ወደ ከተማ የሚወርደውን ሰው ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዩት። ድሀው ሰልፍ ላይ ነው፤ መኪና የለውም። ለእሱ የሚደርሰው እርዳታ አውቶቡስ ነው፣ ያልተቦረቦረ መንገድ ነው። ከመንገድ ጥገናው ገንዘብ ቀንሰን መኪና ላለው ብንሰጥ ድሀን አገዝን ማለት ይከብዳል።

ጋሼን የመሰሉ ጡረተኞች ግን አሉ። ከ30 ዓመት በፊት በቁጠባ ገዝተው ዛሬ በጡረታ ገንዘብ የሚያኖሩ። ለእነሱ ማሰብ ካስፈለገ መመዘኛው የሰውየው ገቢ ይሁን።

ሚኒባስ፣ ውይይትና ላዳ ታክሲስ?

ለገቢ የሚሠራ መኪና በዕድሜ ምክንያት ነጻ መሆን የለበትም። እንግሊዝም አልፈቀደችም። የታክሲ ሰው ኑሮ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስሄድ ከእነሱ ጋር ነው የምጋፋው። ግን ክፍያው የሚቀርለት መኪናው ሲያረጅ ከሆነ፣ ባለንብረቱ የሚቀይርበት ምክንያት ያጣል። ተሳፋሪው ደግሞ ለዘላለም አሮጌ ወንበር ላይ ነው።

ከግብር ነጻ ከሆነ ከዓመታዊ ምርመራም ነጻ ይሆናል?

በፍጹም መሆን የለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ 40 ዓመት የሞላቸውን አብዛኞቹን መኪኖች ከግዴታ ምርመራም ነጻ አድርጋለች። ለእኛ አገር ይህን የሚመክር ሰው ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁለቱን በአሮጌ መኪና ወርዶ አያውቅም።

እኔ ወርጃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቮልሷን ለምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው መብራትና ፍሬቻ አየ፣ ታርጋውን አነበበ፣ ፍሬኑን ግን አልነካም። አለፍን። በሳምንቱ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በኋላ የመጡት መኪኖች መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይይዛል። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየጎተትኩ ጥግ ይዤ አቆምኳት። ከፊቴ አህያ የሚነዳ ልጅ ነበር። ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ ለብዙ ደቂቃ መውረድ አልቻልኩም።

ያን ቀን የወጣው ዘይት ከኋላ ጎማ ነበር፤ ጎማው ቢፈታ ማንም ያየው ነበር። ስለዚህ እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። አሮጌ መኪና ክፍያው ይቀነስለት ከተባለ ምርመራው ይጥበቅበት። ፍሬን በማሽን ይለካ። ጎማ ተፈትቶ ይታይ። መሪው ላይ ያለው ክፍተት ይታይ። ጭሱ ይለካ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያን ሁሉ ቀረጥ ከቀረለት፣ የኔ አሮጌ ለምን አይቀርለትም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይስና የሱር ታክስ በ2014 ሲነሳ የታሰበው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ነው። አሮጌ መኪና ይህን ምክንያት ማቅረብ አትችልም።

ግን ከመንገድ አንጻር ካየነው የኤሌክትሪክ መኪናም ነጻ ሆኖ መኖር አይችልም። ቤንዚን አይቀዳም፤ ስለዚህ ለመንገድ ፈንድ በነዳጅ በኩል ምንም አያዋጣም። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ደግሞ በመጠን ከምትመስለው የቤንዚን መኪና ብዙ ጊዜ ይከብዳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ዓመታዊ ግብር ማስከፈል ጀምራለች። እኛም አንድ ቀን መድረሳችን አይቀርም። በኪሎ ሜትር ወይም በክብደት የሚታሰብ ነገር ሲመጣ፣ የአባቴ ቮልስ በሁለቱም ትንሽ ከፋይ ትሆናለች። ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ከ«ነጻ አድርጉን» ይልቅ ይህ የተሻለ መከራከሪያ ነው።

40 ዓመት የሚቆጠረው በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ቀላል ይመስላል፤ እኛ አገር ግን ጣጣ ያመጣል። ሊብሬ ላይ የሚጻፈው የሥሪት ዘመን የፈረንጅ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው ቀን መቁጠሪያ የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራች መኪና 40 የሚሞላት እ.ኤ.አ. በ2025 ማለትም በ2017 ዓ.ም. ነው። አንድ ሠራተኛ የኛን 2017 ወስዶ 1985ን ቢቀንስ 32 ይወጣለታል። ባለቤቱ «ሞላኝ» ይላል፣ መስኮቱ «አልሞላህም» ይላል። በተቃራኒው ሊብሬው በኛ አቆጣጠር 1977 ተብሎ ተጽፎ፣ ከፈረንጅ 2025 ላይ ቢቀነስ 48 ይወጣል። ደንብ ከተጻፈ አቆጣጠሩን በግልጽ መጻፍ አለበት። የሥሪት ዘመንና መጀመሪያ የተመዘገበበት ዘመንም ይለያያሉ፤ 1965 ተሠርታ ከዓመታት በኋላ እዚህ የተመዘገበች አለች።

ሰው ሊብሬ አስቀይሮ፣ አዲሱን መኪና አሮጌ አያስመስልም?

ያስመስላል። የሞተችን ዲኤክስ ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ይዞ ሌላ አካል ላይ ማሳረፍ ዛሬም የሚታማ ነገር ነው። ጥቅም ከተጨመረበት ይበዛል። ለዚህ ነው ጀርመኖች ዓመተ ምሕረቱን ብቻ የማያምኑት፤ ባለሙያ መኪናውን አይቶ ሞተሩ፣ አካሉ፣ ውስጡ እንደ ዘመኑ መሆኑን መመስከር አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ለዓመታት ሞተር ያልቀየረች መኪና ማግኘት ከባድ ነው። የቮልስ ሞተሩ የሞተበት ሰው ያገኘውን ገጥሞ ኖሯል። በዚህ ሰው መቅጣት አልፈልግም፤ መኪናዋን ያተረፋት ያ ብልሃት ነው። ተመሳሳይ ዓይነት ሞተር ከሆነ ይለፍ እላለሁ።

ሌላው ታርጋ ነው። እዚህ ሸገር ከተማ እየኖረ የአዲስ አበባ ታርጋ የያዘ ሞልቷል፤ የኦሮሚያ ታርጋ ይዞ ቀኑን ሙሉ ከተማ የሚውልም አለ። አንዱ ነጻ አድርጎ ሌላው ካስከፈለ በሳምንቱ ሁሉም ፋይሉን ይዞ ወደ ርካሹ ይሄዳል። የሚደረግ ከሆነ በአገር ደረጃ አንድ ይሁን።

ታዲያ የትኛዋ መኪና ነጻ ትሁን ትላለህ?

ጠባብ በር ነው የማየው። 40 ዓመት የሞላት፣ የቤት አውቶሞቢል የሆነች፣ ለገቢ የማትሠራ፣ እንደ ዘመኗ የተያዘች። በዓመት የምትነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ያለው፤ ቆጣሪው በየዓመቱ ምርመራ ላይ ይመዝገብ። ፍሬንና ጭስ ያለፈች። መድኗን የምትገባ፤ የገጨችው ሰው መኪናዋ ጥንታዊ ስለሆነች ሕመሙ አይቀንስምና። ይህን የምታሟላ መኪና በቁጥር ትንሽ ናት። ከእሷ የሚቀረው ገንዘብም መንገድ ፈንዱን አይጎዳም።

ምን ይጠቅማል ለሚለኝ፣ ሴቼንቶ፣ ቮልስና ፔጆ 404 የዚህ ከተማ ታሪክ ናቸው። ካለፈው ትውልድ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ጸሐፊው የነዷቸው መኪኖች ናቸው። ብዙዎቹ ለላሜራ ተቆርጠው አልቀዋል። የቀሩት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሰው ዝገት ይበላቸዋል።

መኪናዬ ግቢ ቆማ ዓመታት አለፉ። ላስነሳት ብፈልግ የቆመችበትንም እከፍላለሁ?

ለአሮጌ መኪኖች ከሁሉ በላይ መፍትሔ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። አባቴ ሲታመም ቮልሷ አራት ዓመት ቆመች። መንገድ አልረገጠችም፣ ጠብታ ቤንዚን አልጠጣችም። ላስነሳት ስሄድ የአራቱም ዓመት ውዝፍ ከነቅጣቱ ተጠየቅኩ። ከፈልኩ። ጎረቤት ሰፈር ያለ አንድ ሰው ተመሳሳይ ሒሳብ ሲነገረው ሴቼንቶውን ለላሜራ ሸጧት፤ ሞተሯ ይሠራ ነበር።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለቤቱ «መኪናዬ መንገድ አትወጣም» ብሎ የሚያስመዘግብበት አሠራር አላት። እስካስመዘገበ ድረስ ግብር አይቆጠርበትም፤ ሳያሳውቅ መንገድ ላይ ከተገኘ ግን ይቀጣል። እኛም ጋ ታርጋ አስረክቦ መኪና ማቆም፣ ሲያስነሱ መርምሮ ታርጋ መመለስ የሚቻልበት ግልጽ መስኮት ይከፈት። አሁን መኪናችሁ ቆማ ከሆነ ግን ሊብሬውን ይዛችሁ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄዳችሁ ውዝፉ ምን ያህል እንደደረሰ ዛሬውኑ ጠይቁ። ላሜራ ገዢው በር ሳያንኳኳ።